ባለቤቴ አንድ ነገር ቢሆን የቤቱን ዕዳ ማን ይከፍላል?

ጠያቂ (ከደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ቤተሰብ። የዛሬ ሦስት ዓመት በባንክ ብድር ቤት ገዛን። ብድሩ የ15 ዓመት ነው፤ የሁለታችንም ደሞዝ ታይቶ ነው የተፈቀደልን። ሰሞኑን ጎረቤታችን በድንገት አረፈ። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሚስቱ «የባንኩንስ እንዴት ልሁን» ስትል ሰማሁና ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። ባለቤቴን ስጠይቀው «ኢንሹራንስ አለው» ይላል፣ የምን ኢንሹራንስ እንደሆነ ግን አያውቅም። ደግሞ ደም ግፊት አለበት። ፎርሙ ላይ መሙላቱንም አያስታውስም። ሁለት ልጆች አሉን፣ ምን ላድርግ?

ብድር ክፍል የሠራሁ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ለዪ። የእሳት መድን የሚባለው ቤቱ ቢቃጠል ነው። ሰው ሲሞት ቀሪውን ዕዳ የሚዘጋው የሕይወት መድን ነው። የሁለቱም አረቦን (ለመድኑ የሚከፈለው ገንዘብ) ከወር ክፍያው ጋር ሊቆረጥ ስለሚችል ብዙ ሰው አንድ ይመስለዋል። ገንዘቡ ደግሞ ለባንኩ ነው የሚገባው፣ ለቤተሰብ በእጅ አይሰጥም። ዕዳው እየቀነሰ ሲሄድ ሽፋኑም አብሮ ይቀንሳል። ሂጂና የፖሊሲውን (የመድን ውሉን) ኮፒ ጠይቂ። የማን ስም እንዳለበት እይ፤ የእሱ ብቻ ከሆነ አንቺ ብትሞቺ ዕዳው እሱ ላይ እንዳለ ይቀራል።

ከሸዋ ሮቢት፦
እኛን ያቃጠለን ይሄው ነው። ወንድሜ ሲሞት ቤቱ መድን አለው ብለን ተዝናንተን ነበር። ወረቀቱ ሲወጣ የእሳት ብቻ! ዕድሩ ድንኳኑንም ቀብሩንም ሸፈነልን፣ የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ ግን ማን ይሸፍናል? ሚስቱ ሱቋን ዘግታ ዕቃውን ሸጣ ነው የከፈለችው። ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን መሸጥ እንደሚችል ያወቅነው ያኔ ነው።

ሕግ ነክ፦
የደም ግፊቱን ነገር አትለፉት። በ1952ቱ የንግድ ሕግ መሠረት በሽታን ሆን ብሎ መደበቅ ውሉን ያፈርሳል። ረስቶ ከሆነ አሁኑኑ በጽሑፍ ያሳውቅ፣ የተቀበሉበትን ማህተም ያለው ኮፒም ይያዝ። አረቦኑ ትንሽ ሊጨምር ይችላል፣ ይጨምር! ሞት ከደረሰ ደግሞ አትዘግዩ፤ የመድን ጥያቄ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል።

ከመሐል ሜዳ፦
የአባቴን ዕዳ መድኑ ዘጋልን። የሞት ምስክር ወረቀት፣ የሐኪም ማስረጃና የብድር ውሉን ጠየቁን። አንድ ነገር ልንገርሽ፦ ዕዳው ተዘጋ ማለት ቤቱ ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። ከባንኩ ደብዳቤ ተቀብለሽ ማዘጋጃ ቤት ወስደሽ ካርታው ላይ ያለውን እገዳ ማስነሳት አለብሽ። እኛ ይሄን ሳናውቅ ብዙ ጊዜ ባከነብን። መድኑ እስኪከፍል ድረስም ወርሃዊውን አታቋርጡ፣ ወለድ ይቆጥራል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ የልጆቹ የክትባት ካርድ ያለበትን ፌስታል ስበረብር ፖሊሲውን አገኘሁት። የሕይወት መድን ነው፣ ተመስገን! ግን የባለቤቴ ስም ብቻ ነው ያለው፤ «የጤና ሁኔታ» የሚለው ቦታ ላይ ደግሞ ሁሉም «የለም» ተብሏል። የፈረመበት ቀን ግፊቱ ከተነገረው በኋላ ነው። ሰኞ ፈቃድ ወስደን አብረን እንሄዳለን። የሐኪሙን ካርድ ይዘን ነው ወይስ ደብዳቤው ብቻ ይበቃል?

ሕግ ነክ፦
ሁለቱንም ያዙ። ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ አድርጉት። አንቺም ስምሽ እንዲገባ እዚያው ጠይቂ፣ ደሞዝሽም ተቆጥሮ ነው ብድሩ የተሰጠው።