ሐሙስ ዲፌንስ አለኝ፤ «ሳምፕል ሳይዝሽ አይሄድም» ተባልኩ!

ማለፊያ (ጠያቂ)፦ ጓዶች ድረሱልኝ! የማስተርስ ቴሲስ ፕሮፖዛሌን ሐሙስ አቀርባለሁ። አድቫይዘሬ ዛሬ ጠዋት «ሳምፕል ሳይዝሽ ከዓላማሽ ጋር አይሄድም» ብሎ አንዲት መስመር ላከልኝ። ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሳም። ርዕሴ ግሎባል ሄልዝ ነው፣ የሕፃናት ክትባት በሁለት አገሮች። አምስት በሽታ የሚከላከለውን የፔንታ ክትባት የመጀመሪያ ዶዝ (ፔንታ 1) ጀምረው ሦስተኛውን (ፔንታ 3) ሳይደርሱ የሚያቋርጡትን ነው የማየው። ሳምፕል ሳይዝ፣ ማለትም የናሙናዬን ብዛት፣ 384 አወጣሁ። ሁሉም ሰው 384 አይደል እንዴ የሚያወጣው? ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ቶሎ መላሽ፦ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ መጨመር ረስተሽ ነው። 422 በይው፣ አለቀ።

ነጥብ በነጥብ፦ 423 ነው እንጂ። 384.16 ላይ 10 በመቶ ስትጨምሪ 422.58 ይመጣል። ግማሽ እናት አትጠየቅም።

የድሮ ተመራቂ፦ ከ385 የተነሳ ደግሞ 424 ይደርሳል። ጦርነት አታስነሱ። እኔ በ423 ነው የተመረቅኩት፤ ከነክፍሌ ልጆች፣ በሙሉ።

ጋሽ ማስታወሻ፦ ልጆች፣ ከቁጥሩ በፊት ጽንሰ ሐሳቡ ይቅደም። ሁለት አገር ስለተጠራ ብቻ ግሎባል ሄልዝ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፕላንና ባልደረቦቹ ላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ትርጉም ዋናው ነገር የሰዎች ሁሉ ጤና መሻሻልና በጤና ረገድ ፍትሐዊነት ነው። ድንበር መሻገር በራሱ ግብ አይደለም። እነዚህን ሁለት አገሮች ለምን መረጥሽ? በክትባት አሰጣጣቸው ምን ይለያቸዋል? ማነጻጸሩስ ለማን ይጠቅማል? የዛሬ ተማሪ ርዕስ የሚመርጠው ለጆሮ እንዲጥም ነው። በእኛ ጊዜ...

ማለፊያ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሐሙስ ነው እኮ!

የድሮ ተመራቂ፦ እህቴ፣ «ለምን እነዚህ ሁለቱ?» የምትለዋን ግን ያዣት። ፈታኞችሽ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሷን ነው።

ቀመር፦ የአድቫይዘርሽ መስመር አጭር ናት እንጂ ልክ ናት። 384 የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው። በአንድ ሕዝብ ውስጥ ስንት በመቶው እንዲህ ነው ለሚል፣ መጠኑ ካልታወቀ 50 በመቶ ተብሎ፣ በ5 በመቶ የስህተት ወሰን። አንቺ ግን ሁለት አገር ልታነጻጽሪ ነው። ስለዚህ የሁለት ምጣኔዎች ቀመር ነው የሚያስፈልግሽ። ለምሳሌ በአንደኛው 10፣ በሌላኛው 20 በመቶ ያቋርጣሉ ብለሽ ብትነሺ፣ በ95 በመቶ መተማመኛና በ80 በመቶ ፓወር (ልዩነቱ ካለ የማግኘት ዕድል) ለእያንዳንዱ አገር 196 ይመጣል። ሶፍትዌሩ 199 ቢልሽ አትደንግጪ፣ ቀመሩ ትንሽ ስለሚለያይ ነው። 10 እና 20ን ግን ከእኔ አትውሰጂ፤ በየአገሩ ከተሠሩ ጥናቶች አውጪ።

ሌላው፣ ፔንታ 1 ያልወሰደ ሕፃን «አቋረጠ» አይባልም። ማካፈያሽ ፔንታ 1 የወሰዱት ብቻ ናቸው። ቤት ለቤት ከሄድሽ ከምታገኛቸው ሕፃናት የተወሰኑት ከስሌቱ ይወጣሉ። ናሙናውስ እንዴት ነው የሚመረጠው? ክላስተር ነው (በሰፈር በሰፈር የሚመረጥ)?

ቶሎ መላሽ፦ 422 አልኳችሁ እኮ።

ማለፊያ፦ ቀመር፣ ዕድሜ ይስጥህ! አዎ ክላስተር ነው፣ ቤት ለቤት፣ ከ12 እስከ 23 ወር የሆኑ ሕፃናት። ፓይለቱ (የሙከራ ጥናቱ) ላይ 30 እናቶች አናግሬ በጣም ጥሩ ነበር የሄደው።

ቀመር፦ እንግዲያው ዲዛይን ኢፌክት አለ፤ ጎረቤታሞች ስለሚመሳሰሉ ናሙናው የሚባዛበት ቁጥር ነው። 2 ከወሰድሽ 196ቱ 392 ይሆናል፣ ለሁለቱ አገር 784። መልስ ለማይሰጡት 10 በመቶ ሲጨመር 863 ገደማ ትደርሺያለሽ። ለማስተርስ ተማሪ ይከብዳል።

የድሮ ተመራቂ፦ 863! 423 ናፈቀኝ።

ዝምተኛዋ፦ ቆይ ቆይ። 30 እናቶች ነው ያልሽው? ኤቲክስ ክሊራንስ (የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ) አግኝተሻል?

ማለፊያ፦ ከዲፌንስ በኋላ ላስገባ ብዬ ነበር። ፓይለት እኮ ነው...

ነጥብ በነጥብ፦ ፕሪቴስት (መጠይቅን መሞከር) ዳታ አይባልም፣ ምን ችግር አለው?

ዝምተኛዋ፦ ችግሩማ እናቶቹ ተጠይቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጥቶ ብዙ ጊዜ የተሻሻለው የሄልሲንኪ የሕክምና ምርምር ሥነ ምግባር መግለጫ ፕሮቶኮሉ ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ለኤቲክስ ኮሚቴ ይቅረብ ይላል። ወደኋላ ተመልሶ ፈቃድ የሚሰጥ ኮሚቴ ደግሞ አትጠብቂ። ሁለት አገር ከሆነ በሁለቱም መጠየቅሽ አይቀርም። የኔ እህት፣ ዛሬውኑ አቁሚው። ለአድቫይዘርሽ በጽሑፍ ንገሪው። የ30ዎቹን መልስ ቴሲሱ ውስጥ እንዳታስገቢ። ዲፌንስ ላይ «ፓይለት ሠርቻለሁ» ብለሽ በደስታ እንዳትናገሪ ብዬ ነው የምቸኩለው፤ ሰው ቀድሞሽ ከሚያወጣው አንቺው ብትናገሪ ይሻላል።

ቀመር፦ እውነቷን ነው። እኔ ቁጥሩ ላይ ተጥጄ አለፈኝ። ደግሞ ለምን ራስሽ ትሰበስቢያለሽ? የዲኤችኤስ ወይም የዩኒሴፍ ሚክስ (አገር አቀፍ የቤት ለቤት የጤና ጥናቶች) መረጃ የሁለቱም አገር ካለ፣ ክትባቱ በየዶዙ ተጠይቋል። በፈቃድ የሚገኝ መረጃ ነው፤ አጭር የጥናት ሐሳብ ጽፈሽ ትጠይቂያለሽ። ፈቃዱን ሳታገኚ ግን ሙሉ ፕሮፖዛልሽን እሱ ላይ አትስቀዪው። የሁለቱ አገር ጥናት የተሠራበት ዓመትም መቀራረቡን እዪ። ዓላማሽ ላይ ያለውን «ለመረዳት» አጥፊና «ለማነጻጸር» በይ። ምን እንደምትለኪ ያኔ ይታያል።

ጋሽ ማስታወሻ፦ እኔም ከመጀመሪያው ያልኩት ይህንኑ ነው።

ማለፊያ፦ አድቫይዘሬ አሁን ደወለ። ላነሳው ነው። እመለሳለሁ።

የድሮ ተመራቂ፦ ዛሬ እሑድ ነው። ማለፊያ፣ ሐሙስ እንዴት ሆነ?

ዝምተኛዋ፦ ማለፊያ?

ቶሎ መላሽ፦ 422 ብላ አልፋ ይሆናል።