ኦቨርሎኬ የታችኛውን ሉፐር ክር እየደጋገመ ይበጥሳል፤ ከከተራ በፊት መፍትሔ እፈልጋለሁ

ጠያቂ፣ ከጎንደር አዘዞ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ባለ አራት ክር የቤት ኦቨርሎኬ፣ ማለትም የጨርቅ ጠርዝ የሚጠቀልለው ማሽኔ፣ ከትናንት ጀምሮ ሥራ አስቁሞኛል። ፔዳሉን እንደረገጥሁ ጥቂት ይሰፋና የታችኛው ሉፐር (ክሩን ከመርፌው ክር ጋር የሚያጠላልፈው ጎባጣ ብረት) ክር ይበጠሳል። የቀሩት ሦስቱ ክሮች ደህና ስለሆኑ እነርሱን ሳልነካ የተበጠሰውን መልሼ አስገባለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ይበጠሳል። የልጆች የጥምቀት ቀሚሶች ተቆርጠው ጠርዛቸው ኦቨርሎክ ሳይደረግ ተቀምጠዋል፤ እናቶቻቸውም ለከተራ ሊያለብሷቸው ይጠብቃሉ። ፒያሳ የማውቀው ጠጋኝ ወረፋ ስለበዛበት ከበዓሉ በፊት አልቀበልም ብሎኛል። እባካችሁ የምታውቁ ፈጥናችሁ ንገሩኝ።

አንዲት አባል፣ ከማራኪ፦
እህቴ፣ የታችኛውን ሉፐር ቴንሽን (የክር ማጥበቂያውን) አላልተሽ ሞክሪው። ቁጥሩ ከ5 በላይ ከሆነ ወደ 3 አውርጂው። የእኔ የሚበጥሰው ሲጠብቅበት ነው።

አንጋፋ ልብስ ሰፊ፦
ልጄ፣ አስቀድሞ ማሽኑን ማወቅ ይገባል። ኦቨርሎክ የተፈጠረው ለሹራብ ሥራ ነው። በአሜሪካ ኮነቲከት የሹራብ ፋብሪካ የነበራቸው የሜሮው ቤተሰብ አባትና ልጅ ጠርዝ የሚያሳምር ማሽን ሠርተው፣ እ.ኤ.አ. በ1889 ለኦቨርሎኩ የፈጠራ መብት አገኙ። ኦቨርሎክ ከተራው የስፌት መኪና በተለየ ቦቢን (ከሥር የሚገባ የክር ማጠንጠኛ) የለውም፤ ጨርቁን በቢላ እየቆረጠ በዚያው ቅጽበት ጠርዙን በክር ይጠቀልላል። ስለዚህ ከተራው መኪና ይልቅ ብናኝ ይበዛበታል። በተለይ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ሲቆረጥ የሚወጣው ብናኝ በሉፐሮቹ ዙሪያና በማጥበቂያ ሳህኖቹ መካከል እየተከማቸ ክሩን ያንቃል። ክዳኑን ከፍተሽ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊው፤ በአፍ እፍ ማለት ግን ብናኙን ወደ ውስጥ ከመግፋቱም በላይ እርጥበት ስለሚጨምር አይጠቅምም። የማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ በሚያሳየው ቦታ ላይ የስፌት ማሽን ዘይት ጠብታ ጨምሪ። የምግብ ዘይት የሚጨምሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ እርሱ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይደርቅና ማሽኑን ያስረዋል። ቢላውም ከደነዘዘ ጨርቁን ስለሚያኝክ ስፌቱ ይበላሻል።

ሌላ አባል፦
ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እኔ ግን በጥያቄው መነሻ አልስማማም። ጨርቁ ሸማ ከሆነ ኦቨርሎክ ለምን ያስፈልገዋል? የሸማ ድር ላላ ያለ ስለሆነ ቢላው ጠርዙን ሲቆርጠው ስፌቱ ከነክሩ ተጎትቶ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ ይልቅ ጨርቁን በገጹ በኩል ሰፍተሽ፣ ትርፉን አሳጥረሽ፣ ገልብጠሽ ዳግመኛ ብትሰፊው ጥሬው ጠርዝ በውስጥ ይደበቃል። ይህን ለመሥራት ተራው የስፌት መኪና ይበቃል፤ ከውስጥ ሲታይም የበለጠ ያምራል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። አዎን፣ ቀጭን ሸማ ነው። ድርብ ስፌትን አውቀዋለሁ፤ ለአዋቂ ቀሚስ እኔም የምመርጠው እርሱን ነው። የልጅ ቀሚስ ግን እጅጌው ጠባብ ስለሆነ ድርቡ በብብት በኩል ይወፍርና ልጆቹን ይኮሰኩሳቸዋል፤ ጊዜውም አይበቃኝም። ቴንሽኑን አላልቼ ሞከርሁት፤ ክሩ አሁንም ይበጠሳል። ብናኙንም ጠርጌያለሁ።

ከቅዳሜ ገበያ አካባቢ፦
የእህታችን ማሽን ገሃድን ከሁላችን ቀድሞ ይዞ ክር አልቀምስም ብሏል ማለት ነው! እንግዲህ እናስገድፈው።

ችግሩ ያለው አንቺ ደህና ናቸው ባልሻቸው ክሮች ላይ ይመስለኛል። የታችኛው ሉፐር በእያንዳንዱ ዙር ከመርፌው ጀርባ እያለፈ የመርፌውን ክር ይይዛል። ክሩ ሲበጠስ የመርፌዎቹ ክር በሉፐሩ ላይ እንደተያዘ ሊቀር ይችላል፤ አንቺ የታችኛውን ብቻ መልሰሽ ስታስገቢ አዲሱ ክር ከመርፌዎቹ ክር በላይ ይተኛል፤ ማሽኑ ጥቂት ሲዞር እርስ በርስ ይቆላለፉና ይበጠሳል። ቴንሽኑን የፈለግሽውን ያህል ብታላዪው ይህ አይፈታም።

መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀዪ፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ፔዳሉ ሳይታሰብ ቢነካ እጅሽ ከመርፌውና ከቢላው አጠገብ ይሆናልና። ከዚያ የመጫኛውን እግር አንሺ፤ በብዙ የቤት ማሽኖች የማጥበቂያ ሳህኖቹ የሚከፈቱት እግሩ ሲነሣ ነው፤ እግሩ ወርዶ የገባ ክር ከሳህኖቹ መካከል አይቀመጥም። የሁለቱንም መርፌዎች ክር ከመርፌው ቀዳዳ አውጪውና በሉፐሩ ላይ የተጠመጠመውን በመቆንጠጫ አጽጂው። አሁን የታችኛውን ሉፐር ክር አንድም መንጠቆ ሳትዘይ አስገቢና ጫፉን በእግሩ ሥር ወደ ኋላ አሳልፊው። መርፌዎቹን በመጨረሻ አስገቢ፤ ክራቸው ከታችኛው ሉፐር ክር በላይ ማለፍ አለበት። ፔዳሉን ከመርገጥሽ በፊት መዘውሩን በእጅሽ ወደ ራስሽ አዙሪና የተጎነጎነው ሰንሰለት ከእግሩ ኋላ ሲወጣ ተመልከቺ። ካልወጣ ፔዳል አትርገጪ። ወደፊትም አራቱንም አዲስ ስታስገቢ የላይኛው ሉፐር ይቅደም፣ የታችኛው ይከተል፣ መርፌዎቹ መጨረሻ ይሁኑ።

ሌላ አባል፦
ቴንሽኑን አላዪው፤ የሁሉም መፍትሔ እርሱ ነው።

ከፒያሳ፦
ቴንሽኑን ማላላቷን ከላይ ጽፋለች። ደግሞም አራቱንም ቁጥሮች አንድ ላይ መነካካት ወደ ነበሩበት መመለስን ያከብዳል፤ የነበሩትን በወረቀት ጽፎ አንድ በአንድ መለወጥ ነው የሚሻለው። ክሩ መበጠሱን ካቆመ በኋላ የላይኛው ሉፐር ክር ጠርዙን አልፎ ወደ ጨርቁ ጀርባ ከተጠቀለለ፣ የላይኛውን ጥቂት አጥብቂ ወይም የታችኛውን ጥቂት አላዪ።

በቅዳሜ ገበያዋ እህት መልስ ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ልጨምር። ከማሽኑ ጀርባ ያለው የክር መሪ ዘንግ እስከ መጨረሻው ተስቦ ካልቆመ ክሩ ከኮኑ በነፃነት ስለማይወጣ እየተጎተተ ይበጠሳል። መርፌውም ከተጣመመ ወይም እስከ ላይ ካልገባ ሉፐሩ ሊነካው ይችላል፤ ለቀጭን ሸማ 80 ቁጥር ይስማማል። የግራው መርፌ ከቀኙ ትንሽ ከፍ ብሎ መታየቱ ትክክል ስለሆነ ልታስተካክዪው ብለሽ ወደ ታች አትሳቢው።

ከቅዳሜ ገበያ አካባቢ፦
እህቴ፣ ሰንሰለቱ ወጣልሽ? መርፌዎቹን በመጨረሻ አስገብተሽም የሚበጠስ ከሆነ የሉፐሩን ጫፍ በጥፍርሽ ቀስ ብለሽ ዳሺው፤ መርፌ ነክቶት ከሻከረ ክሩን እየፋቀ ይቆርጠዋል፤ ያንን ደግሞ ጠጋኝ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ሊያለሰልሰው ይችላል። እስከዚያው ሦስት አራቱን ቀሚስ ወደ እኔ ብትልኪ ማታ በማሽኔ እጨርስልሻለሁ።