ልብ አንጠልጣይ የወንጀል ልቦለድ ለተማሪዎች ይሁን ወይስ ይቅር?

አወያይ፦ ባለፈው ወር በሐዋሳ የንባብ ክበባችን ያነበብነው የወንጀል ልቦለድ ብዙ አነጋግሯል። ላላነበባችሁት ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል የምትሠራ ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ ተገድላ ትገኛለች፤ ከሥራው የታገደ መርማሪ ፖሊስ ገዳዩን በአምስት ቀን ውስጥ አድኖ ይይዛል። ምዕራፎቹ ከሦስትና ከአራት ገጽ አይበልጡም፤ አብዛኞቹ የሚያልቁት በር ሲንኳኳ ወይም ስልክ ሲጠራ ነው። በክረምቱ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር ከምናነባቸው መጻሕፍት አንዱ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ የተቃወሙም አሉ። የሁላችሁንም ሐሳብ እንስማ።

የአማርኛ መምህር፦ እኔ ከተቃወሙት ነኝ። መጽሐፉን በአንድ ሌሊት ስለጨረስኩት አይስብም ልል አልችልም። የሚያስቆጣኝ ሌላ ነገር ነው። ልጅቱ በመጀመሪያው ገጽ ሞተች፤ ከዚያ በኋላ ማን አለቀሰላት? እናቷ ብቅ የምትለው ለመርማሪው አንድ ስልክ ቁጥር ለመስጠት ብቻ ነው። በዚህ አገር ሰው ሞቶ ድንኳን ሳይተከል፣ የእድር ጥሩንባ ሳይነፋ፣ ጎረቤት ንፍሮ ሳይቀቅል ታሪክ ይቀጥላል? ደራሲው ለቅሶውን የዘለለው ሩጫውን እንዳያቀዘቅዝበት ነው። ለቅሶ ቤት ግን የሰው ሁሉ ገመና የሚታይበት ቦታ ነው፤ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን ቀና ብሎ ማየት እንዳቃተው። ጎበዝ ደራሲ ቢሆን ገዳዩን እዚያው ድንኳን ውስጥ አስቀምጦ ንፍሮ ሲዘግን ያሳየን ነበር። ገጸ ባሕሪያቱ ስም አላቸው እንጂ ሕይወት የላቸውም።

ነርስ፦ መምህር፣ ያነሱት ነጥብ ተገቢ ነው፤ መደምደሚያዎ ግን አያስማማኝም። እኔ የማነበው ሌሊት ተረኛ ስሆን፣ ክፍሉ ጸጥ ሲል ነው። በስለት የተወጋ ሰው ይመጣል፤ ቁስሉን እናጥባለን፣ ይሰፋል፣ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል። ማን ወጋው? ለምን? ብዙ ጊዜ መልሱን ሳልሰማ ተራዬ ያልቃል። የወንጀል ልቦለድ ግን ገና ሲጀምር ቃል ይገባልኛል፤ የተጠየቀው ይመለሳል፣ ያጠፋው ይታወቃል። በሥራዬ የማላገኘውን ፍርድ እዚያ አገኘዋለሁ። ደግሞም ደክሞት የተቀመጠ ሰው አጭር ምዕራፍ ቢመርጥ አይፈረድበትም።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ እኛ ጋ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሽፋኑ ተገንጥሏል። ልብ ሰቀላና ንግር፣ ማለትም በኋላ የሚመጣውን አስቀድሞ መጠቆም፣ ምን እንደሆኑ ሲያስተምሩን ለፈተና ሸምድደን ነበር። አሁን ግን በሁለተኛው ምዕራፍ የጠፋው የመጋዘን ቁልፍ በኋላ ምን እንደሚያመጣ እየተጨቃጨቅን ነው ያነበብነው። በእሱ ምትክ የምትሰጡን መጽሐፍ ይህን ያህል ያከራክረናል?

ጀልባ ቀዛፊ፦ እኔ ስለ ሥነ ጽሑፍ ብዙ አላውቅም፤ ስለ ሐይቁ ግን አውቃለሁ። መጽሐፉ ላይ ገዳዩ ሌሊት በጀልባ ተነሥቶ፣ ከሐይቁ በሚወጣ ወንዝ አድርጎ ወደ ደቡብ ይሸሻል። በየትኛው ወንዝ? የሐዋሳ ሐይቅ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ የገባው ውሃ እዚያው ይቀራል። ሬሳውንም የጣሉት ጎሕ ሲቀድ የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል አጠገብ ነው፤ ማንም አላየም ይላል። በዚያ ሰዓት አሞራ ገደል ምን እንደሚመስል የሐዋሳ ልጅ ሁሉ ያውቃል። መረብ የሚጎትተው፣ ቆሮሶና አምባዛ የሚያራግፈው፣ ዓሣ ሊገዛ የመጣው፣ የዓሣ አንጀት የሚጠብቁት ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎች፣ ቦታው ግጥም ብሎ የሞላ ነው። ደራሲው አንድ ጠዋት መጥቶ ቢቆም ኖሮ እንዲህ አይጽፍም ነበር። ከተማችንን ስሟን ብቻ ነው የወሰደው።

የአማርኛ መምህር፦ ተባረክ ወንድሜ። በመቼት፣ ታሪኩ በሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ፣ ላይ የሚሰጥ ትምህርት ከዚህ በላይ ግልጽ አይሆንም።

ጠበቃ፦ እኔን ያሳሰበኝ ምዕራፍ ዘጠኝ ነው። መርማሪው የሆቴሉን ጥበቃ ሠራተኛ ክፍል ውስጥ ዘግቶ ይደበድበዋል፤ ሰውየው በሦስተኛው ጥፊ እውነቱን ይዘረግፋል፤ አንባቢም እፎይ ይላል። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በራሱ ላይ የእምነት ቃል እንዲሰጥ እንደማይገደድ፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንደሌለው ደንግጓል። ይኸው አንቀጽ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ታሪኩ ውስጥ ግን አንድም ዳኛ የለም።

ደራሲው ምርመራውን በአምስት ቀን ማስጨረሱን አልቃወምም። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለአንድ ጊዜ የምርመራ ቀጠሮ የፈቀደው ብቻ እስከ 14 ቀን ነው፤ የእውነቱ ምርመራ ከነመዝገቡ ልቦለድ ይሁን ቢባል አንባቢ አይኖረውም። ማሳጠር የደራሲ መብት ነው። ጥፊ እውነት ያወጣል ማለት ግን ማሳጠር አይደለም፤ ሐሰት ነው። የሚደበደብ ሰው የሚናገረው ዱላውን የሚያስቆምለትን ነው። ስንት ንጹሕ ሰው በዚህ መንገድ ያላደረገውን አድርጌአለሁ ብሏል! ተማሪዎቹ ይህን ያለ ጥያቄ እንዲውጡት አልፈልግም።

ነርስ፦ ታዲያ ገጹን አብረን እናንብበውና ጥበቃው ዋሽቶ ቢሆንስ ብለን እንጠይቃቸው። መጽሐፉን ብናስቀረው ደብቀው ያነቡታል፤ ያን ጊዜ ጠበቃው ያሉትን የሚነግራቸው ማን ነው?

መጽሐፍ ሻጭ፦ በእኛ ዘመን ብዙዎቻችንን አንባቢ ያደረጉን ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸው የስለላ መጻሕፍት ናቸው። እየተከራየን በየተራ ነበር የምናነባቸው። በስለላ የጀመረ ጓደኛዬ ዛሬ የታሪክ መጽሐፍ እየመረጠ ይገዛኛል። ሁሉም እንዲህ ነው አልልም፤ የለመደውን ዓይነት ብቻ የሚጠይቀኝ ደንበኛም ሞልቷል። ግን ምንም ከማያነበው ይልቅ ያ ደንበኛ ነው ነገ ሌላ መጽሐፍ ላሳየው የምችለው።

የልጆች እናት፦ ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ መጽሐፉን ከእሷ ተቀብዬ አነበብኩት። መግደል ትማራለች ብዬ አልፈራሁም። የከበደኝ የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። የሞተችው ልጅ ገላዋ፣ ልብሷ፣ ፀጉሯ፣ ከንፈሯ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ በሕይወት ያለች ቆንጆ የሚመለከት ሰው ነው የሚመስለው። ስለ እሷ ግን ምን እናውቃለን? ደመወዟን ለማን ትልክ ነበር? ሌሊት ብቻዋን ቢሮ የቆየችው ምን ሒሳብ አልገጥም ብሏት ነው? ገዳዩ እንኳ የልጅነት ታሪኩ በምልሰት ሙሉ ምዕራፍ ተሰጥቶታል። ሴት ልጄ ሴት በታሪክ ውስጥ የምትገባው በሬሳነት ነው ብላ እንድታስብ አልፈልግም። መምህር ለቅሶ የለም ሲሉ ልቤን ነው የነኩት።

የአማርኛ መምህር፦ እህቴ፣ እኔ በለቅሶው የጀመርኩትን አንቺ ከሥሩ አወጣሽው። ልጅቱ ሰው ሆና ስላልተጻፈች ነው የሚያለቅስላት የጠፋው።

ለተማሪዬ ልመልስ። ጠላቴ ፍጥነት አይደለም። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 አሳተመ። ስለላ አለበት፣ ጦርነት አለበት፣ ገጹ ይሮጣል፤ ግን ገጸ ባሕሪዋን ፊያሜታን አንብቦ የረሳት ሰው አላጋጠመኝም። አስመራም በስም ብቻ የተጠራች ከተማ አይደለችም፤ መንገዷና ቡና ቤቷ ይታያል። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። የሩሲያው ዶስቶየቭስኪ ደግሞ በ1866 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባወጣው «ወንጀልና ቅጣት» ገዳዩን ከመጀመሪያው ያሳየናል። ማን ገደለ የሚለው ጥያቄ ሳይኖር እንኳ መጽሐፉን ማስቀመጥ ያቅታል፤ ሰውየው ከሠራው ሥራ ጋር እንዴት እንደሚኖር ማወቅ እንፈልጋለንና።

ማን ገደለ በሚለው እንጫወት ከተባለም ጨዋታው ሕግ አለው። ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስና የወንጀል ልቦለድ ጸሐፊ በፈረንጆቹ 1929 ደንቦች ዘርዝሮ ነበር፤ የመጀመሪያው ወንጀለኛው ታሪኩ ሲጀምር አካባቢ መጠቀስ አለበት የሚል ነው። የእኛው ደራሲ ገዳዩን ያመጣው መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል ነው፤ በፊት ስሙ እንኳ አልተነሣም። እናንተ የተከራከራችሁበት የመጋዘን ቁልፍ ምን ሆነ? ተረሳ! ደራሲው ራሱ ረስቶታል። እናንተን የመሰለ ንቁ አንባቢ እንዲህ ሲታለል ደስ አይለኝም።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ ስለ ቁልፉ እውነትዎን ነው፤ እኛም መጨረሻው ላይ ተናደናል። ግን መናደድ የቻልነው ተከታትለን ስላነበብነው ነው። «ኦሮማይ»ንም ስጡን፤ ሁለቱን ጎን ለጎን እናንብባቸው።

ጠበቃ፦ ይህ ያስማማኛል። ምዕራፍ ዘጠኝ የሚነበብ ዕለት እኔ እገኛለሁ።

የልጆች እናት፦ የመጀመሪያው ምዕራፍስ? እሱን ማን ሊያስነብብ ነው?

ነርስ፦ አንቺና እኔ ነን። ልጆቹ ምዕራፉን እንደገና ይጻፉት፤ ልጅቱ በሕይወት እያለች፣ ቢሮዋ ተቀምጣ፣ ያ ያልገጠመው ሒሳብ ፊቷ ተዘርግቶ።

የአማርኛ መምህር፦ ይህ ከሆነ እኔ የምቃወመው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚቀረው። የሚነበበው «ኦሮማይ» ይቅደም።