ከሂርሽስፕሩንግ ኦፕሬሽን በኋላ ልጄ አሁንም ሰገራ ሱሪው ላይ ያመልጠዋል

የናቲ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 6 ዓመቱ ነው። ሂርሽስፕሩንግ (የአንጀት ታችኛው ክፍል ነርቭ ሳይኖረው የመወለድ ሕመም) ተብሎ በሕፃንነቱ መጀመሪያ ኮሎስቶሚ (ሰገራ በሆድ በኩል የሚወጣበት ቀዳዳ) ወጣለት፣ ቀጥሎ ነርቭ የሌለውን አንጀት ቆርጠው ጤነኛውን ወደ ታች ስበው ሰፉለት፣ በመጨረሻ ኮሎስቶሚው ተዘጋ። አለቀ ብለን ነበር። ትምህርት ቤት ከጀመረ ወዲህ ግን በየቀኑ ማለት ይቻላል ትንሽ ትንሽ ያመልጠዋል፣ ልጆቹ ይሸሹታል፣ አባቱ ደግሞ ሰንፎ ነው እያለ ይቆጣዋል። በዚህ ያለፈ አለ? ሲያድግ ይተወዋል?

የሕፃናት ነርስ፦
እህቴ አይዞሽ። ልጁ አልሰነፈም፣ ይህን ለአባቱ ንገሪው። ማምለጡ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ድርቀት ነው፦ ደረቁ ሰገራ ታች ይከማችና ቀጭኑ በጎኑ ይፈሳል፣ ቤተሰብ ተቅማጥ መስሎት ማቆሚያ ይሰጣል፣ ጭራሽ ይብስበታል። ወይ ደግሞ አንጀቱ ቶሎ ቶሎ ይገፋል፣ ወይም የመዝጊያው ጡንቻ ደክሟል። መድኃኒታቸው ተቃራኒ ስለሆነ በግምት ምንም አትስጪው። የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ይመርምረው፣ የሆድ ራጅ ይነሳ። የተሰፋው ቦታ ጠቦ ወይም ነርቭ የሌለው ክፍል ተርፎ ከሆነም መታየት አለበት። የባዮፕሲውን (ከአንጀቱ የተወሰደው ናሙና ምርመራ) ውጤትና የኦፕሬሽኑን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ።

ደግሞ ሆዱ ከተነፋ፣ ካተኮሰው፣ በጣም የሚሸት ተቅማጥ በኃይል ከወጣው ወይም ከፈዘዘ፣ ኢንተሮኮላይተስ የሚባለው የአንጀት ብግነት ሊሆን ይችላል። ከኦፕሬሽን በኋላም ይመጣል፣ ይገድላልም። እስኪነጋ አትጠብቂ! ድንገተኛ ክፍል ስትደርሺ መጀመሪያ ሂርሽስፕሩንግ እንደነበረበት ተናገሪ፣ እንደ ተራ ተቅማጥ አይተው እንዳይመልሱሽ።

አድጌበታለሁ፦
እኔም ያው ነኝ፣ አሁን ሥራ ይዣለሁ። የኔ ድርቀት ነበር። ማለስለሻ ለረጅም ጊዜ ወሰድኩ፣ ቁርስና እራት በበላሁ ቁጥር እናቴ ሽንት ቤት ታስቀምጠኝ ነበር፣ ምክንያቱም ምግብ ሲገባ አንጀት ራሱ ይንቀሳቀሳል። እግሩ እንዳይንጠለጠል ከሥሩ የሚረግጠው ትንሽ በርጩማ ነገር አድርጊለት። ብዙዎቻችን ስናድግ ይሻሻልልናል፣ ግን ሁሉንም ሙሉ በሙሉ አይተወውም፤ እኔ ዛሬም ሆዴ ሲበላሽ እጠነቀቃለሁ። ለአስተማሪዋ ብቻ ንገሪያት፣ ሳይጠይቅ እንዲወጣ ትፍቀድለት፣ ቅያሪ ሱሪ ቦርሳው ውስጥ ይኑር። ከሕመሙ በላይ የጎዳኝ ቁጣው ነበር።

የናቲ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ራጅ ተነስቶ አያውቅም፣ ቀጠሮ እይዛለሁ። የጻፋችሁትን ዛሬ ማታ ለአባቱ አነብለታለሁ።