ካቴናን በሰም መንከር፦ በጨውና በበረዶ መንገድ ሳይክል ለምትነዱ

ሰላም ለሁላችሁም። ዊንተር በገባ ቁጥር ካቴናው (የሳይክሉ ሰንሰለት) ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበት ወንድማችን ጠይቆ ነበር፣ አብዛኞቻችሁ ዘይት ጨምርበት ብላችሁታል፣ እኔ ግን ችግሩ ራሱ ዘይቱ ነው ባይ ነኝ፣ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ።

ካቴና ተለጠጠ ሲባል ብረቱ የተሳበ ይመስለናል እንጂ አይደለም። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ውስጥ ያለው ፒን ከሚዞርበት ቀዳዳ ጋር እየተፋጨ ይበላል፣ አንዱ ፒን ላይ የሚበላው የፀጉር ውፍረት አይሞላም ግን ከመቶ በላይ ፒን ሲደመር ካቴናው ይረዝማል፣ ከዛ የማርሹ ጥርስ ላይ በትክክል መቀመጥ ስለማይችል ጥርሱንም አብሮ ይበላዋል። ዘይት ደግሞ እርጥብ ስለሆነ ከመንገድ የሚረጨውን አሸዋና ጭቃ ይዞ ያስቀራል፣ እሱ መሀል ገብቶ የብርጭቆ ወረቀት ስራ ነው የሚሰራው። ሰም ግን ሲቀዘቅዝ ደረቅ ነው፣ ቆሻሻ የሚይዝበት ነገር የለውም።

ትልቁ ስራ የመጀመሪያው ቀን ነው። አዲስ ካቴና ከፋብሪካ ሲወጣ ግራሶ ተቀብቶ ነው፣ እሱ ሙልጭ ብሎ ካልወጣ ሰሙ ብረቱን አይዝም። ክዳን ያለው ጠርሙስ ውስጥ ከአኳራጅ ጋር አድርጎ መናጥ፣ ፈሳሹ መጥቆር እስኪያቆም ሁለት ሶስቴ መቀየር፣ መጨረሻ ላይ በአልኮል አለቅልቆ ማድረቅ። መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አጠገብ እንዳታደርጉት፣ የተረፈውንም ቧንቧ ውስጥ አትድፉት።

ሰሙ ሽታና ቀለም የሌለው ንጹህ ፓራፊን ይሁን። እባካችሁ ምድጃ ላይ በቀጥታ አትጣዱት፣ ወይ ስሎው ኩከር (ቀስ ብሎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት) ውስጥ ወይ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ሌላ ትንሽ ድስት አስቀምጣችሁ አቅልጡት። ፓራፊን 60 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቀልጣል፣ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ከደረሰ በቂ ነው። ድንገት እሳት ቢይዘው ውሃ እንዳታፈሱበት፣ ሙቀቱን አጥፍቶ መክደን ብቻ። ዕቃው ደግሞ ከዛ በኋላ ለምግብ አይሆንም።

ካቴናውን በሽቦ አንጠልጥላችሁ ስትነክሩት ከየመገጣጠሚያው ጥቃቅን አረፋ ይወጣል፣ አየሩ እየወጣ ሰሙ እየገባ ነው። አረፋው እስኪያቆም እያነቃነቃችሁ 10 ደቂቃ ያህል ቆዩ። ከዛ ሙቀቱን አጥፍታችሁ የሰሙ ፊት ስስ ቆዳ መያዝ ሲጀምር አውጡት፣ በጣም ትኩስ ሆኖ ከወጣ ሰሙ ተንጠባጥቦ ያልቃል። ሲቀዘቅዝ እንደ ዱላ ድርቅ ይላል፣ አትደንግጡ፣ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በእጅ እያጠፋችሁ ስታፍታቱት ቀጭ ቀጭ እያለ ይላቀቃል።

አሁን ዋናው ነገር። ሰም ካቴናውን ከመበላት ያድናል እንጂ ከዝገት አያድንም። እኔ በመጀመሪያው ዊንተር ይህን አላወቅኩም፣ ጨው የተበተነበት መንገድ ላይ ነድቼ መጥቼ ሳይክሉን እንደረጠበ አቆምኩት፣ ጠዋት ስመጣ ሮለሮቹ (ፒኖቹ ላይ የሚሽከረከሩት ትንንሽ ቀለበቶች) ሁሉ ቡናማ ሆነው ሶስት አራት መገጣጠሚያ አልታጠፍ ብሎ ጠበቀኝ። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ያን ያህል ለፍቼበት። ሰም እንደ ዘይት ፈሶ የተራቆተውን ቦታ መልሶ አይሸፍንም፣ ከተነሳ ተነሳ ነው። ስለዚህ ቤት እንደገባችሁ ጫማ እንኳን ሳታወልቁ በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርጉት። እኔ ሁለት ካቴና ነው የማፈራርቀው፣ የረጠበውን አውልቄ የፈላ ውሃ አፈስበታለሁ፣ ጨውና አሮጌውን ሰም አብሮ ያወርደዋል፣ በደንብ ሲደርቅ እንደገና ሰም። መንገዱ ደረቅ ሲሆን 300 ኪሎሜትር አካባቢ ያስኬደኛል፣ እርጥብ ከሆነ ግን ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ነው። ሲጢጥ ማለት ከጀመረ አልፏል ማለት ነው። ኩዊክ ሊንኩን (ካቴናው የሚፈታበትንና የሚገጠምበትን ማያያዣ) ደግሞ አንዴ ብቻ የሚሰራና ደጋግሞ የሚሰራ ስላለ ከመግዛታችሁ በፊት እዩት።

ቀደም ብላ "ሁለት ስራ ነው የምሰራው ማታ ማታ ይህን ሁሉ ማን ያደርገዋል" ላለችው እህታችን፣ እውነትሽን ነው። በጠርሙስ የሚመጣ የሚንጠባጠብ ሰም አለ፣ ጠርገሽ ማታ ጠብ ጠብ ታደርጊበታለሽ፣ እስኪደርቅ ሰዓታት ስለሚፈልግ ጠዋት ልትወጪ ስትይ አይሆንም። እሱም ከከበደሽ ለእርጥብ አየር የሚሆን ዘይት ቀብተሽ ላዩን አዘውትረሽ ጥረጊው፣ ሰሙ ተረስቶ ካቴናው ከሚዝግ እሱ ይሻላል።

በዘይትም ሆነ በሰም በየወሩ ለኩት። በማስመሪያ ከአንድ ፒን መሀል ተነስታችሁ 24 መገጣጠሚያ ቁጠሩ፣ አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊሜትር ነው። ከኋላ 11 ወይም 12 ማርሽ ያላችሁ 306.3 ላይ ሲደርስ ቀይሩት፣ 10 እና ከዛ በታች የሆነ 307 ድረስ ይታገሳል፣ ከዛ ካለፈ ግን የኋላውን ጥርስ በሙሉ አብራችሁ ልትገዙ ነው።