የአጓት ፕሮቲን በኢንዛይም ሲቆረጥ አንቲኦክሲዳንቱ ከፍ ይልና ለምን ይቆማል?

ተመራቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጥናቴ በአጓት ፕሮቲን ላይ ነው። ዱቄቱን በውሃ በጥብጬ፣ ፒኤቹን 8 አድርጌ፣ በ55 ዲግሪ ላይ አልካሌዝ የሚባለውን ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም ጨመርኩበት። አንቲኦክሲዳንት አቅሙን፣ ማለትም ነጻ ራዲካል የሚባሉትን ጎጂ ሞለኪውሎች የማብረድ አቅሙን፣ ኤቢቲኤስ በሚባለው መለኪያ ስለካው መጀመሪያ ላይ በደንብ ጨመረ። ከዚያ ቆመ፤ ወደ መጨረሻው እንዲያውም ትንሽ ወረደ። ዲፒፒኤች በሚባለው ሌላ መለኪያ ደግሞ ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ፕሮቲኑ ብዙ በተቆረጠ ቁጥር ብዙ መጨመር አልነበረበትም? ሁለቱ መለኪያዎችስ ለምን አይስማሙም?

የወተት ላብራቶሪ፦
እህቴ፣ ውጤትሽ ጤነኛ ነው፤ አትጨነቂ።

ከላም አጓት ፕሮቲን ግማሽ ያህሉ ቤታ-ላክቶግሎቡሊን ነው። 162 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሰንሰለት ሲሆን ተጣጥፎ ነው የሚቀመጠው። ነጻ ራዲካልን የሚያበርዱት አሚኖ አሲዶች፣ እነ ትሪፕቶፋን፣ ሜቲዮኒንና ሲስቴይን በአመዛኙ እጥፋቱ ውስጥ ናቸው። 121ኛው ሲስቴይን ነጻ ሰልፈር አለው፤ እሱም ተሸፍኗል። ኢንዛይሙ ሰንሰለቱን ሲቆርጥ እነዚህ ይገለጣሉ። መጀመሪያ ያየሽው ጭማሪ ከዚህ ይመጣል።

ትሪፕሲን የሚባለው ኢንዛይም የሚቆርጠው ላይሲንና አርጂኒን ከሚባሉት አሚኖ አሲዶች ቀጥሎ ብቻ ነው። አልካሌዝ ግን ያን ያህል አይመርጥም። ጊዜ ከሰጠሽው ጥሩ ጥሩዎቹን ቁራጮችም መልሶ ይሰባብራቸዋል። በ2005 የስፔን ተመራማሪዎች ከዚሁ ፕሮቲን ከ19ኛው እስከ 29ኛው ያለውን ቁራጭ ለይተው አሳትመው ነበር። ትሪፕቶፋን፣ ታይሮሲንና ሜቲዮኒን በአንድ ላይ ይዟል። ኦራክ በሚባል ሌላ የአንቲኦክሲዳንት መለኪያ ሲለካ ምግብ እንዳይበላሽ የሚጨመረውን ቢኤችኤ በለጠው። እንዲህ ያለው ቁራጭ መሃሉ ላይ ቢቆረጥ አቅሙ እንዳለ ይቆያል ብለሽ አትጠብቂ። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ስንት ቦታ ተቆረጠ ሳይሆን የት ተቆረጠ ነው።

ዲፒፒኤች የሚሠራው አልኮል ውስጥ ነው። ውሃ የሚወዱ ፔፕታይዶች (የፕሮቲን ቁራጮች) እዚያ አይመቻቸውም፤ አንዳንዶቹም ይዘቅጣሉ። ኤቢቲኤስ ውሃ ውስጥም ይሠራል። ሁለቱንም ቁጥር ጻፊ፤ የማይመችሽን አትደብቂ።

ተመራቂዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር። ኢንዛይሙን የማስቆመው በ85 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ አሙቄ ነው። ሙቀቱ ራሱ ውጤቱን አይነካውም?

የወተት ላብራቶሪ፦
ይነካል እንጂ! ቤታ-ላክቶግሎቡሊን 70 ዲግሪ አካባቢ መፈታታት ይጀምራል፤ ያ የተሸፈነው ሰልፈርም ይወጣል። ኢንዛይም ያልገባበት፣ ግን እኩል የሞቀ ናሙና ጎን ለጎን መለካት አለበት። ኢንዛይሙ ብቻውን ያለበት ናሙናም እንደዚያው፤ አልካሌዝም ፕሮቲን ነውና። ይህ ሳይደረግ «ኢንዛይሙ አሳደገው» ሲባል ሳነብ በጣም ይከፋኛል። ጭማሪው የሙቀቱ ይሁን የኢንዛይሙ በምን ይለያል?

ደግሞ «ለጤና ይጠቅማል» ብለሽ እንዳትደመድሚ፤ አደራ። የተበላው ፔፕታይድ ጨጓራ ውስጥ ፔፕሲን፣ አንጀት ውስጥ ትሪፕሲን ይጠብቁታል። እንደገና ይቆረጣል። ዘይት ያለበት ምግብ ላይ ጨምረሽ ቶሎ እንዳይበላሽ ማድረጉን ካሳየሽ ግን ትልቅ ነገር ነው። ስትሞክሪ ጣዕሙንም እዪ፤ ፕሮቲኑ ሲቆረጥ መራራ ይሆናል።

አይብ በቤት፦
ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። እኛ አይብ ካወጣን በኋላ አጓቱን እንደፋዋለን። በእሱስ ይሠራል?

የወተት ላብራቶሪ፦
ይሞከራል፣ ግን ከዱቄቱ ይለያል። የአይብ አጓት ጎምዛዛ ነው። አልካሌዝ ደግሞ ፒኤች 8 አካባቢ ነው የሚመቸው፤ መስተካከል አለበት። አሬራው በኃይል ሞቆ ከሆነ የአጓቱ ፕሮቲን ከፊሉ ከአይቡ ጋር ወጥቷል። ከዚያ በላይ ግን፣ ወተቱን ያረጉት ባክቴሪያዎች የራሳቸው ኢንዛይም አላቸው። ከመነሻውም የተቆራረጠ ፔፕታይድ ታገኛላችሁ። ስለዚህ ምንም ከመጨመራችሁ በፊት አጓቱን እንዳለ ለኩት። ተመራቂዋ ፈቃደኛ ከሆነች አንድ ሊትር ላኩላት፤ ከዱቄቱ ጎን ብታየው ደስ ይለኛል።