ትሪኮደርማ በጤፍ ጭድና በፉርሽካ ላይ፦ የሴሉሌዝ ልኬቱ በ2ኛው ቀን ጣሪያ ነክቶ ለምን ይወርዳል?

ጥያቄ፦ ጭድና_ፉርሽካ

ሰላም ለሁላችሁም። ትሪኮደርማ ሪሴይ የተባለው ፈንገስ (ዝርያው ሩት-ሲ30) በእርጥብ ተረፈ ምርት ላይ አድጎ ሴሉሌዝ (ሴሉሎስን የሚሰባብር ኢንዛይም) እንዲሰጠን እየሞከርን ነው። ቤተ ሙከራው አዲስ አበባ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በ250 ሚሊ ሊትር ፍላስክ 6 ግራም የተፈጨ የጤፍ ጭድና 4 ግራም የስንዴ ፉርሽካ፣ በላዩ 25 ሚሊ ሊትር የማንደልስ ማዕድን ውሁድ (ለፈንገሱ ምግብ የሚሆን የጨው ውሃ)። በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) በ15 ፒ.ኤስ.አይ. ግፊት ለ20 ደቂቃ። ሲቀዘቅዝ 1 ሚሊ ሊትር የስፖር ውሃ፣ ከዚያ በ30 ዲግሪ 7 ቀን። ኢንዛይሙን በ100 ሚሊ ሊትር ሲትሬት ቡፈር (አሲድነቱ በቀላሉ የማይለዋወጥ ፈሳሽ፣ ፒ.ኤች. 4.8) አጥበን እናወጣና በሲ.ኤም.ሲ. (ኢንዛይሙ የሚሰባብረው፣ የሚሟሟ ሴሉሎስ) እና በዲ.ኤን.ኤስ. (ስኳር ሲያገኝ የሚቀላ ኬሚካል) እንለካለን። ብላንካችን (ከንባቡ የሚቀነሰው ማነጻጸሪያ ቱቦ) ቡፈርና ሲ.ኤም.ሲ. ነው።

ያልገባን ነገር፦ ልኬቱ በ48 ሰዓት ከፍተኛ ይሆንና በ5ኛው ቀን ወደ ሲሶው ይወርዳል፤ ፈንገሱ ግን በዓይን ሲታይ እየበረታ ነው። ከሦስት ፍላስክ ደግሞ አንዱ ወይም ሁለቱ ጋጣ ጋጣ ይሸታሉ፣ ሥራቸው ይዝለገለጋል። ሌላው፣ ፉርሽካው ስለተወደደ በቡና ገለባ መተካት ይቻላል?

መልስ 1፦ ቡፈር_አራት_ነጥብ_ስምንት

ፈንገሱን ከመውቀስዎ በፊት ብላንኩን ያስተካክሉ። በ48ኛው ሰዓት የለኩት በአብዛኛው ኢንዛይም ሳይሆን ስኳር ነው። ፉርሽካ ስታርች አለው፤ ፈንገሱ መጀመሪያ እሱን ይሰባብርና ስኳሩ አጥባችሁ ባወጣችሁት ጭማቂ ውስጥ ይቀራል። ዲ.ኤን.ኤስ. ደግሞ ስኳሩ ከየት እንደመጣ አይለይም። ከሲ.ኤም.ሲ. የተለቀቀውንም ከፉርሽካው የተረፈውንም አንድ ላይ ያቀላዋል። በ5ኛው ቀን ፈንገሱ ያንን ስኳር በልቶ ስለሚጨርስ ቁጥሩ ይወርዳል። እናንተ ያያችሁት መውረድ የስኳሩ ሊሆን ይችላል፤ ሴሉሌዙ በዚያው ጊዜ እየጨመረ ቢሆንስ?

ስለዚህ እያንዳንዱ ናሙና የራሱ የዜሮ ደቂቃ ብላንክ ይኑረው። ለዋናው ቱቦ 0.5 ሚሊ ሊትር ጭማቂና 0.5 ሚሊ ሊትር 2% ሲ.ኤም.ሲ. በ50 ዲግሪ 30 ደቂቃ፣ ከዚያ 3 ሚሊ ሊትር ዲ.ኤን.ኤስ.። ለብላንኩ ሲ.ኤም.ሲ.ውን ብቻውን 30 ደቂቃ ያቆዩ፣ መጀመሪያ ዲ.ኤን.ኤስ. ይጨምሩ፣ ጭማቂውን መጨረሻ ላይ። ሁለቱንም አብረው ያፍሉና በ540 ናኖሜትር አንብበው ይቀንሱ። ዋናው ቱቦ 1.10 ቢያነብና ብላንኩ 0.75 ቢሆን የኢንዛይሙ ድርሻ 0.35 ብቻ ነው። ብላንኩ ከግማሽ በላይ ከያዘ ጭማቂውን በ4 ዲግሪ ሌሊቱን በቡፈር ውስጥ ዲያላይዝ ያድርጉት (ስኳሩ ብቻ በሚያልፍበት ስስ ከረጢት ያጥሩት)፤ አለዚያ ሁለት ትልልቅ ቁጥሮችን እያቀናነሱ በስህተት መሃል ይዋኛሉ።

አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው። በ5 ደቂቃ ውስጥ የዲ.ኤን.ኤስ. ቀለም በባሕር ወለል ላይ የሚያወጣውን ያህል አይወጣም። የግሉኮስ ስታንዳርዱን ከናሙናዎቹ ጋር በአንድ ብረት ድስት፣ በአንድ ጊዜ ያፍሉት። ባለፈው ወር የተሠራን ከርቭ (ንባቡን ወደ ስኳር መጠን የሚቀይር ግራፍ) አይጠቀሙ።

ሂሳቡንም ይመልከቱ። 100 ሚሊ ሊትር ቡፈር ሲጨምሩ በጭዱ ውስጥ ያለው ውሃም ይቀላቀላል። እናንተ ዘንድ ያ 27 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሆነ በ127 ፈንታ በ100 ካባዛችሁ በአንድ ግራም የሚወጣውን በአንድ አምስተኛ ያህል አሳንሳችሁ ትጽፋላችሁ።

መልስ 2፦ የአውድማው

ስለ ሽታው። የእርስዎ ፍላስክ ረግረግ ነው። ጭዱና ፉርሽካው ደረቅ ሲባሉም 10% ያህል ውሃ አላቸው፤ ስለዚህ በ10 ግራም ውስጥ ደረቁ 9 ግራም፣ ውሃው 1 ግራም ነው። 25 ውሁድና 1 የስፖር ውሃ ሲጨመር ውሃው 27፣ ጠቅላላው 36 ግራም፤ እርጥበቱ 75% ማለት ነው። የጤፍ ጭድ ቀጭን ስለሆነ በዚህ መጠን ይተኛል፣ አየር አያልፍበትም፣ ሥሩ ለባክቴሪያ ይመቻል። ለ65% ይህን ያድርጉ፦ 9ን ለ0.35 ሲያካፍሉ 25.7 ግራም ይመጣል፤ ካለው 10 ግራም ሲቀነስ 15.7። ከዚህ 1 ሚሊ ሊትሩ ስፖር ነው፣ የቀረው 14.7 ውሁድ። የማዕድኑን መጠን ሳይነኩ ውሃውን ብቻ ለመቀነስ ውሁዱን 1.7 እጥፍ አጠንክረው ያዘጋጁ። የእጅ ሙከራ ከፈለጉ በጓንት ጨብጠው ሲጨምቁት በጣት መሃል ጠብታ ካወጣ በዝቷል። ሲለቁት እንደ ጭብጥ ሆኖ ቆይቶ ሲነኩት ከፈረሰ ልኩ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት አውቶክሌቩ ነው። 15 ፒ.ኤስ.አይ. 121 ዲግሪ የሚሆነው በባሕር ወለል ላይ ነው። ጌጁ የሚያነበው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው፤ በ2,350 ሜትር ከፍታ ያው 15 ወደ 117 ዲግሪ ይሆናል። 121 ለመድረስ 18.5 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ያስፈልጋል። አውቶክሌቩ ይህን እንዲችል ተሠርቶ ካልሆነ አይሞክሩት፤ ሰዓቱን ወደ 45 ደቂቃ ያራዝሙ። ቫልቩን ከመዝጋትዎ በፊትም አየሩ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ፉርሽካና ጭድ በባሲለስ (ሙቀት የሚችል ስፖር ያለው ባክቴሪያ) ስፖር የተሞሉ ናቸው፤ በተለይ አውድማ ላይ በበሬ የተበራየ ጭድ ከአፈርና ከእበት ጋር ነው የሚመጣው። በባልዲ ውሃ ሁለት ጊዜ አጥበው አሸዋው ሲዘቅጥ ጭዱን ከላይ ያንሱ፣ በ60 ዲግሪ ያድርቁ፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ፈጭተው ዱቄቱን በወንፊት ያስወግዱ። ውሁዱን ካፈሰሱ በኋላ አገላብጠው 30 ደቂቃ ያቆዩት እንጂ ወዲያው አውቶክሌቭ አይክተቱት፤ ደረቅ ሆኖ የቀረ የፉርሽካ ጓል መሃሉ አይመክንም።

የስፖሩን ቁጥርም አልጻፉም። በሄሞሳይቶሜትር (በማይክሮስኮፕ መቁጠሪያ መስታወት) ቆጥረው በአንድ ግራም 10 ሚሊዮን ያድርጉት። ሲያንስ ባክቴሪያው ይቀድማል።

መልስ 3፦ ሃይፋ

በቡና ገለባ ላይ፦ ፉርሽካን ሙሉ በሙሉ አይተካም። ፉርሽካው የናይትሮጅን ምንጭ ነው። ገለባው ካፌይንና ታኒን አለበት፤ ታኒኑ የወጣውን ኢንዛይም ራሱ ይይዘዋል፣ ቡናማ ቀለሙም ንባቡን ያዛባል። በሙቅ ውሃ ሦስት ጊዜ አጥበው ከጠቅላላው ከ20% ሳያልፍ ቢጨምሩት ጭዱ እንዳይተኛ ያግዛል። የእሸት ቡና ገለፈት ግን ፔክቲን ስላለው አስፐርጂለስ ናይጀር በሚባል ሌላ ፈንገስ ፔክቲኔዝ (ፔክቲን የሚሰባብር ኢንዛይም) ለማምረት ቢውል ይሻላል። ወጪውን ለመቀነስ ፉርሽካውን ከ4 ወደ 2.5 ግራም አውርዱ። ትሪኮደርማን ለሴሉሌዝ የሚያነሳሳው ሴሉሎሱ ነው፤ ስታርቹ ሲበዛ ሰውነቱን ብቻ ያወፍራል።

ጭዱን በ1% ኮስቲክ ሶዳ (1 እጅ ጭድ ለ10 እጅ ፈሳሽ) በ121 ዲግሪ 30 ደቂቃ ቀቅሎ ፒ.ኤች. 7 እስኪሆን ማጠብ ብዙ ለውጥ ያመጣል፤ ሊግኒኑ ይላቀቃል። ዛይላኔዝ (ሄሚሴሉሎስን የሚሰባብር ኢንዛይም) የምትፈልጉ ከሆነ ግን ቀለል አድርጉት፣ ሄሚሴሉሎሱም አብሮ ይታጠባልና።

ትሪኮደርማ ቤታ-ግሉኮሲዴዝ (ከሴሉሎስ የሚወጣውን ሴሎባዮስ የተባለ ስኳር ወደ ግሉኮስ የሚሰባብር ኢንዛይም) ይጎድለዋል። ሴሎባዮስ ተከማችቶ ሴሉሌዙን ያፍነዋል። አስፐርጂለስ ናይጀርን ለብቻው በፉርሽካ ላይ 96 ሰዓት አሳድጋችሁ ጭማቂዎቹን ማደባለቅ ይሻላል፤ በአንድ ፍላስክ ካስገባችኋቸው አንዱ ሌላውን ይቀድመዋል። ስፖር የሸፈነውን ፍላስክ ስትከፍቱ ኤን-95 ማስክ አድርጉ፣ ቡፈሩን ካፈሰሳችሁ በኋላ ብቻ ቆስቁሱ።

ጭድና_ፉርሽካ

እናመሰግናለን። የዜሮ ደቂቃ ብላንኩን በፍሪዘር ባለው ጭማቂ ላይ ሞክረን፣ የ48 ሰዓቱ ናሙና አብዛኛው ቀለሙ ከብላንኩ ነው፤ ብላንኩ ሲቀነስ የ5ኛው ቀን ይበልጠዋል። ከፍላስክ ወደ ትሪ ስንሄድ ውፍረቱ ስንት ሴንቲሜትር ይሁን?

የአውድማው

2፣ ቢበዛ 3 ሴንቲሜትር። ፈንገሱ ሲያድግ ሙቀት ያወጣል፣ ጭድ ደግሞ ሙቀት አያሳልፍም፤ ውፍረቱ ሲጨምር መሃሉ ከዳሩ በ10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ቴርሞሜትሩን ከላይ ሳይሆን መሃል ላይ ይትከሉ። በ24 እና በ60 ሰዓት መካከል በየ6 ሰዓቱ ያንብቡ፤ 34 ሲደርስ ክፍሉን ወደ 26 ያውርዱት። እርጥብ ጨርቅ በትሪው ላይ ሳይነካው ይወጠር፤ ጭዱ ላይ ከተጣለ አየሩን ይዘጋል።